ሎስ ቪኦላዶሬስ የደከሙት ወታደሮቹ ስለ ወደቁ ነውን?

ሸክላ ሰብሳቢው፦

ጤና ይስጥልኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የላቲን አሜሪካን ሮክ ከአገር አገር እየተዘዋወርኩ ሳዳምጥ ቆይቼ፣ አሁን የደረስኩት የአርጀንቲና ፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ዓይነት) ጀማሪ ከሚባለው ባንድ ከሎስ ቪኦላዶሬስ ዘንድ ነው። በ1983 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ስሰማ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስፓኒሽ የማልችል ብሆንም፣ ድምፃዊው በማን ላይ እንደሚጮህ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በ1986 የወጣውን ሦስተኛ አልበማቸውን «ፉዌራ ደ ሴክቶር»ን ስከፍት ግን ሌላ ባንድ የማዳምጥ መሰለኝ፤ ፍጥነቱ ረግቧል፣ ጊታሩ ጨለም ብሏል፣ ጩኸቱም ወደ ማጉረምረም ተጠግቷል።

እንደማውቀው ባንዱ የተመሠረተው በወታደራዊው ጁንታ ዘመን ነው። ጁንታው በዲሴምበር 1983 ሥልጣኑን ለተመረጠ መንግሥት ካስረከበ በኋላ ደግሞ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1992 ተበትኗል። ከዚህ ተነሥቼ አንድ ግምት አደረብኝ፦ ጠላቱን ሲጠራ ድምፁ ይጠራ የነበረ ባንድ፣ ጠላቱ ሲወድቅ የሚናገረው ነገር ጠፋበት። ይህ ግምቴ ያስኬዳልን? ሌላው ግራ ያጋባኝ ነገር ስማቸው ነው፤ «ደፋሪዎች» ማለት ነው ይባላል። ሰው ከቤቱና ከመንገድ ታፍኖ በሚሰወርበት አገር፣ እንዲህ ያለ ስም የያዘና ስለ አፈና በግልጽ የሚዘፍን ባንድ ሸክላ ማሳተም የቻለው በምን ተአምር ነው? ታሪኩን ወይም ቋንቋውን የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


መዝገበ ዜማ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም እርሱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

ማርች 24 ቀን 1976 ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ያደረሱት ጥፋት ስፋት የሚታወቀው በኋላ በተደረገው ምርመራ ነው። ዴሞክራሲው ከተመለሰ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1984 ባቀረበው ሪፖርት 8,961 የተሰወሩ ሰዎችን መዝግቧል፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች የሚጠቅሱት ቁጥር ግን 30,000 ነው። በዚህ መካከል ፓንክ ወደ ቦነስ አይረስ የገባበት መንገድ ግን ከለንደኑ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በእንግሊዝ ፓንክ የሥራ አጥ ወጣቶች ሙዚቃ ነው ሲባል ሰምተናል። በአርጀንቲና በር የከፈተለት አንዱ ነገር የወታደሮቹ የገንዘብ ፖሊሲ ነበር ብል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት አለው። የኤኮኖሚ ሚኒስትሩ ማርቲኔስ ደ ኦስ ፔሶው ከአቅሙ በላይ እንዲወደድ ስላደረጉ ዶላር ረከሰ፤ መካከለኛው መደብ ወደ ማያሚና ወደ አውሮፓ ይጎርፍ ጀመር። ተጓዦቹ በውጭ አገር ሱቆች ይሉት የነበረው «ዴሜ ዶስ» ወይም «ሁለት ስጠኝ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን መጠሪያ ሆኖ ይነገራል። የባንዱ ጠንሳሽ ፔድሮ ብራውን፣ በመድረክ ስሙ ሃሪ ቤ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ሲሆን፣ የእንግሊዝን ፓንክ ያወቀውና ሸክላዎቹን ይዞ የመጣው ከአውሮፓ ጉዞው ነው። ከከበሮ መቺው ከሰርሂዮ ግራማቲካ ጋር ያቋቋመው የመጀመሪያው ባንድ ስም በጨዋ ሰዎች መካከል የሚተረጎም ስላልሆነ አልፈዋለሁ። በኋላ ስቱካ በሚል ስም የሚታወቀው ጉስታቮ ፎሳና ድምፃዊው ኤንሪኬ ቻላር፣ ማለትም ፒል ትራፋ ተጨመሩና ሎስ ቪኦላዶሬስ ተወለደ።

እንግዲህ ሸክላው እንዴት ታተመ? ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የጁንታው የሙዚቃ ቁጥጥር ዋና መሣሪያ ሬዲዮ ነበር። የሥርጭት ባለሥልጣኑ «ለአየር ተስማሚ ያልሆኑ» ያላቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ለጣቢያዎች ይልክ እንደነበር በ2009 ይፋ በሆኑት ሰነዶች ታይቷል፤ በዝርዝሩ ከ200 በላይ ዘፈኖች ይገኛሉ። ሬዲዮ የማይደፍረውን ነገር በትንሽ አዳራሽ መጫወት ግን ይቻል ነበር፤ ዋጋ ያስከፍላል እንጂ። በጁላይ 1981 በቤልግራኖ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ኮንሰርት በድብድብና በፖሊስ እስር ነው የተጠናቀቀው። ሁለተኛውና ዋናው ነገር ጊዜው ነው። አልበሙ የተቀዳው በ1982 ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ ከኤፕሪል 2 እስከ ጁን 14 ከእንግሊዝ ጋር የማልቪናስ (የፎክላንድ ደሴቶች) ጦርነት የተካሄደበትና 649 አርጀንቲናውያን የሞቱበት ዓመት ነው። ሽንፈቱ በታወቀ በቀናት ውስጥ የጁንታው መሪ ጄኔራል ጋልቲየሪ ከሥልጣን ወረዱ፤ የተተኩት ጄኔራል ቢኞኔ ሥራቸው ከሞላ ጎደል ምርጫ አድርጎ መውጫ መፈለግ ሆነ። ስለዚህ ሸክላው በ1983 ኡምብራል በተባለ አነስተኛ አሳታሚ ሲወጣ፣ የሚያስረው ክንድ ገና ባይደርቅም ዝሎ ነበር።

በጦርነቱ ወራት የሆነ ሌላ ነገርም አለ። በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ሙዚቃ ከሬዲዮ በመታገዱ ጣቢያዎቹ ባዶውን ሰዓት ለመሙላት ቀድሞ ይጠራጠሩት የነበረውን የአገራቸውን ሮክ ማሰማት ጀመሩ። ፓንኮቹ ከዚህ ግብዣ ላይ ወንበር አልተሰጣቸውም፤ ይሁን እንጂ በስፓኒሽ የተዘፈነ ሮክ ገበያ እንዳለው አሳታሚዎች የተማሩት በእነዚያ ወራት ነው። የመጀመሪያውን አልበም በፕሮዲውሰርነት የመራው ሚሼል ፔይሮኔል ሪፍ የተባለው የሄቪ ሮክ ባንድ ከበሮ መቺ እንደ ነበርም ልብ ይሏል። በዕድሜ የገፉትን ሮከሮች «ቪየሆስ ፓቴቲኮስ» ማለትም «የሚያሳዝኑ ሽማግሌዎች» እያለ የሚሳደብ አልበም፣ ከታላላቆቹ በአንዱ እጅ መሠራቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።


የደሴቷ ተማሪ፦

እኔ በልጅነታቸው ወደ ኩባ፣ ወደ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ስፓኒሽ ያደግኩበት ቋንቋ ስለሆነ ስለ ስሙ ጥቂት ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ በስፓኒሽ «ቪ» ተብሎ የሚነበብ ድምፅ የለም፤ አርጀንቲናዊው ባንዱን የሚጠራው «ሎስ ቢኦላዶሬስ» ብሎ ነው። ፊደሉን ተከትለን መጻፋችን ስሕተት ባይሆንም ስሙን ለአርጀንቲናዊ ስትጠሩ እንዳትደናገሩ ብዬ ነው። ትርጉሙን በተመለከተ፣ በአማርኛ «ደፋሪ» ከሚለው ቃል የተሻለ አቻ አላገኘሁለትም። ሕግ ደፋሪ እንላለን፣ ሴት የደፈረ እንላለን፤ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። የስፓኒሹም ቃል እንደዚሁ ነው፤ ሕግ የጣሰም፣ ሰው የደፈረም በዚያው ቃል ይጠራል። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ግን አድማጭ ቀድሞ የሚያስበው ከባዱን ትርጉም ነው፤ ባንዱም ያንን ሳያውቅ አልመረጠውም። በጁንታው ዘመን ይህን ስም በማስታወቂያ ላይ መጻፍ የማይቻል ሲሆን «ሎስ ቮላዶሬስ» ይባሉ ነበር። አንዲት «ኢ» ተጎረደችና ደፋሪዎቹ በራሪዎች ሆኑ! በሰምና በወርቅ ያደገ ጆሮ ይህን ዘዴ ለማድነቅ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ፒል ትራፋ የሚለው ስምም በአንድነት ሲነበብ «ፒልትራፋ» ነው፤ ሥጋ ሲመለመል ተቆርጦ የሚጣለውን ጅማትና ቆዳ እንዲሁም የተጎሳቆለ፣ ውዳቂ የሆነ ሰውን ይጠራል። ስቱካ ደግሞ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ስም ነው። የሚያስከፋውን ስም ሁሉ ለቅመው ለራሳቸው ያወጡ ልጆች ነበሩ።


የሮክ እመቤት፦

ጋሼ ስለ «ደፋሪ» የሰጡት ማብራሪያ ግሩም ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። አድናቂዎቻቸው «ሕጉን እንጂ ሰውን አይደለም» እያሉ ስሙን ሲያስተባብሉ ሰምቻለሁ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ በጁንታው የምሥጢር እስር ቤቶች ውስጥ የታሰሩ ሴቶች ይደፈሩ እንደነበር በፍርድ ቤት ምስክርነት ተረጋግጧል። ከእነዚያ እስር ቤቶች በሕይወት ለወጣች ሴት ይህ ስም በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት የቃላት ጨዋታ አይሆንም። ሙዚቃውን እወዳለሁ፣ «ሬፕሬሲዮን» («አፈና») የሚለውን ዘፈናቸውንም ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ስሙን ግን ወጣቶች ለማስደንገጥ ብለው ያወጡት፣ ያስደነገጠውም ያላሰቡትን ሰው ጭምር ነው ብዬ አልፈዋለሁ እንጂ አላሞግሰውም።


ሦስት ኮርድ፦

የጠያቂውን ግምት ከሥሩ መቃወም እፈልጋለሁ፤ ይቅርታ እየጠየቅኩ።

ባንዱ በዴሞክራሲው ዘመን ደከመ የሚለው አባባል ከቀኖቹ ጋር አይስማማም። ሎስ ቪኦላዶሬስን ከጥቂት መቶ ተከታዮች ባንድነት አውጥቶ አገር ያወቃቸው ያደረገው ሁለተኛው አልበማቸው «ኢ አኦራ ኬ ፓሳ፣ ኤ?» ነው፤ እርሱም የወጣው በ1985፣ ማለትም ከጁንታው ሥልጣን የተረከቡት ፕሬዚዳንት ራውል አልፎንሲን ከተመረጡ በኋላ ነው። በዚህ አልበም ላይ ያለው «ኡኖ፣ ዶስ፣ ኡልትራቪኦሌንቶ» እስከ ዛሬ ከዘፈኖቻቸው ሁሉ በላይ የሚታወቀው ነው። የአልበሙም ርዕስ የዘፈኑም ሐሳብ የተወሰደው ስለ ዓመፀኛ ወጣቶች ከሚተርከው ከአንቶኒ በርጀስ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ልቦለድ ነው። ባንዱም በዚህ ጊዜ መልኩን ለውጦ ነበር፤ ሃሪ ቤ ሲለቅ ስቱካ ጊታሩን ጠቅልሎ ያዘ፣ ቤዙን ደግሞ «ኤል ፖላኮ» ማለትም «ፖላንዳዊው» የሚባለው ሮበርቶ ዘላዜክ ተረከበ። ብዙ ሰው «የጥንቱ ሎስ ቪኦላዶሬስ» ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ጁንታውን የተቋቋመውን ስብስብ ሳይሆን ይህንን ነው።

1985 ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበርም ይታሰብ። ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር የጁንታው አዛዦች በሲቪል ፍርድ ቤት ቀርበው ቪዴላና ማሴራ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። የአገሩ ታላላቅ ዘፋኞች የተስፋ መዝሙር በሚዘምሩበት በዚያ ዓመት እነዚህ ልጆች «ኮሙኒካዶ 166» የሚል ዘፈን አወጡ፤ ርዕሱ ወታደሮቹ በማልቪናስ ጦርነት ጊዜ በተራ ቁጥር ያወጧቸው የነበሩትን መግለጫዎች የሚያስታውስ ነው። ሰው ሊረሳው የቸኮለውን ነገር አላስረሳ የሚል ባንድ፣ ነፃነት ሲመጣ የሚለው ነገር አልጠፋበትም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚሰማው ጆሮ ያገኘው።

ከዚህም በላይ «ጠላቱ ወደቀ» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ጄኔራሎቹ ወደቁ፤ ፖሊሱ ግን ያው ፖሊስ ነበር። በቦነስ አይረስ ፖሊስ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሰው የሚያስርባቸው ደንቦችና «ማንነትን ለማጣራት» እየተባለ ወጣቶችን በጅምላ አፍሶ የመውሰድ ልማድ በዴሞክራሲውም ዘመን ቀጥለዋል፤ ደንቦቹ በዋና ከተማዋ የተሻሩት በ1998 ነው። በኤፕሪል 1991 ዋልተር ቡላሲዮ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በኦብራስ ሳኒታሪያስ ስታዲየም ወደሚደረግ የሮክ ኮንሰርት እንደ ሄደ በእንዲህ ያለ አፈሳ ተይዞ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ጉዳዩ እስከ ኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 በአርጀንቲና መንግሥት ላይ ተፈርዷል። በጁንታው ዘመን የተጻፈው «ሬፕሬሲዮን» በዘጠናዎቹ ወጣቶች አፍ ላይ የቆየው ናፍቆት ስለያዛቸው አልነበረም።

እንግዲያው ለምን ተበተኑ ብትሉኝ፣ የእኔ ግምት ከፖለቲካው ይልቅ ከሙዚቃውና ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። «ፉዌራ ደ ሴክቶር» ጠያቂው እንዳለው ጨለም ያለ፣ ከፓንክ ወደ ፖስት ፓንክ የተሻገረ ሥራ ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው፣ ብዙ ሰው ባይስማማኝም። ነገር ግን በ1987 «ሜርካዶ ኢንዲዮ»ን ባወጡበት ዓመት የአሜሪካው ፓንክ ባንድ ራሞንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦነስ አይረስ መጡና በኦብራስ ተጫወቱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የአርጀንቲና ፓንክ ጣዕም ተለወጠ። ባንዶቹ አጭር፣ ፈጣን፣ ሊያዜሙት የሚቀል ዘፈን ፈለጉ። ራሞንስ በአርጀንቲና የተወደዱትን ያህል በገዛ አገራቸው አልተወደዱም፤ በማርች 1996 የተሰናበቱት የሪቨር ፕሌት ስታዲየምን ሞልተው ነው። ሎስ ቪኦላዶሬስ ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲሄዱ ተከታዩ ትውልድ ወደ ሌላው ሄደ። በዚህ ላይ በ1989 ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3,000 በመቶ በላይ የናረበት ቀውስ መጣ። በዚያው ዓመት «ኢ ኬ ዲዮስ ኖስ ፔርዶኔ» («እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን») የሚል አልበም አሳትመዋል። ጠዋት የተነገረህ ዋጋ ከሰዓት በማይሠራበት አገር ሸክላ ማሳተምም ሆነ የኮንሰርት ትኬት መሸጥ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።


ሸክላ ሰብሳቢው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ኮርድ ባቀረበው ማስረጃ ፊት ግምቴን እንደ ነበረ ይዤ መቆየት አልችልም፤ ሁለተኛውን አልበም ዘልዬ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው መሄዴ ነው ያሳሳተኝ። ሙሉ በሙሉ ግን እጅ አልሰጥም። የመጀመሪያው አልበም ውስጥ ያለው ዓይነት ድፍረት፣ ማለትም ቃሉ ከአፍ ሲወጣ የሚያስከፍለው ዋጋ የሚሰማበት ድፍረት፣ በ1985 አልተደገመም፤ ሊደገምም አይችልም ነበር። ያ የባንዱ ጥፋት አይደለም። ሌላ ጥያቄ ላስከትል፦ ከእነርሱ በኋላ ከመጡት የአርጀንቲና ፓንክ ባንዶች መካከል አታኬ 77 እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ነው። እነዚያ ያልቻሉትን እነዚህ እንዴት ቻሉ?


የፍሎሬስ ጥግ፦

ስለ አታኬ 77 እኔ ልመልስ፤ ከሎስ ቪኦላዶሬስ ይልቅ የማውቀው እነርሱን ነው።

አታኬ 77 በ1987 በቦነስ አይረስ ሲመሠረት አባላቱ የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ከአውሮፓ ሸክላ ይዞ የሚመጣ ባለጸጋ በመካከላቸው አልነበረም። በስማቸው ላይ ያለው 77 የእንግሊዝ ፓንክ የገነነበት ዓመት ነው። መጀመሪያ የተሰሙት በ1988 ራዲዮ ትሪፖሊ የተባለው አሳታሚ ባወጣው «ኢንቫሲዮን 88» በተባለ የጋራ አልበም ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1990 «ኤል ሲየሎ ፑዌዴ ኤስፔራር» በሚለው አልበም ላይ የነበረው «አሴሎ ፖር ሚ» አገሩን ሁሉ አዳረሰ። የፍቅር ዘፈን ነው! ፓንኮቹ ከዱን ያሉ ነበሩ፤ ባንዱ ግን በዚያ ዘፈን ምክንያት ሎስ ቪኦላዶሬስ ያልገቡበት ቤት ገባ።

የመቆየታቸው ምሥጢር በእኔ እይታ እዚህ ላይ ነው፦ ንቀት አያውቁም። ሎስ ቪኦላዶሬስ ሂፒውን፣ ሽማግሌውን ሮከር፣ የሬዲዮውን ዘፈን ሁሉ ንቀው ነው የተነሡት፤ ያ ንቀት ለመነሣት ጥሩ ስንቅ ቢሆንም ለረዥም መንገድ አይበቃም። አታኬ 77 በ1998 «ኦትራስ ካንሲዮኔስ» በሚል የሌሎችን ዘፈኖች ብቻ የያዘ አልበም ሲያወጡ፣ ከመረጧቸው መካከል አንዱ በ1996 በመኪና አደጋ የሞተችው የኩምቢያ ዘፋኝ የሂልዳ «ኖ ሜ አሬፒየንቶ ደ ኤስቴ አሞር» ነበር። ኩምቢያ በአርጀንቲና የድሆች ሰፈር ዳንስ ተብሎ በሮከሮች ዘንድ ይናቅ የነበረ ሙዚቃ ነው። እነርሱ ግን ዜማውን ሳያፌዙበት፣ በተጋጋለ ጊታር፣ ከልባቸው ዘፈኑት፤ ዛሬ በሠርግም በስታዲየምም ይሰማል። በ2009 ድምፃዊው ሲሮ ፔርቱሲ ሲለቅ እንኳ ባንዱ አልፈረሰም፤ ጊታሪስቱ ማሪያኖ ማርቲኔስ ድምፁንም ጨምሮ ያዘና ቀጠሉ።

ለፖሊስና ለጎዳና ዘፈን ግን ከዚህ ይልቅ ዶስ ሚኑቶስ የተባለውን ባንድ ስሙ። ከቦነስ አይረስ ደቡብ ዳርቻ፣ ከቫለንቲን አልሲና የወጡ ናቸው፤ በ1994 ያወጡትን አልበምም በሰፈራቸው ስም ነው የጠሩት። በእርሱ ላይ ያለው «ሻ ኖ ሶስ ኢጓል» ፖሊስ ስለሆነ የሰፈር ጓደኛ የሚዘፍን ነው፤ «እንደ ድሮህ አይደለህም» ማለት ነው።


የደሴቷ ተማሪ፦

የፍሎሬስ ጥግ «ሻ» ብሎ መጻፉ ደስ አሰኘኝ። በኩባ ያ ቃል «ያ» ነው፤ የቦነስ አይረስ ሰው ግን ወደ «ሻ» ያዞረዋል። «ሶስ» የሚለውም እኛ በተማርነው ስፓኒሽ «ኤሬስ» ነው። አባባሉን ብንገለብጠው፣ የሎስ ቪኦላዶሬስ አንዱ ውለታ ይህ ነው፤ ፓንክን በእንግሊዝኛ ከመኮረጅ ይልቅ በገዛ ከተማቸው አነጋገር ነው የዘፈኑት፣ የኋለኞቹም በዚያው መንገድ ሄዱ።

ስለ መጨረሻቸው ማንም ስላላነሣ ልጨምር። ከ1992ቱ መበተን በኋላ ፒል ትራፋ ፒልሰን የሚባል ሌላ ባንድ መሥርቶ ነበር፤ የሎስ ቪኦላዶሬስም ስም በተለያየ የአባላት ስብስብ ተመልሶ መድረክ ላይ ታይቷል። ፔሩ ውስጥ የነበራቸው ተወዳጅነት በአገራቸው ከነበራቸው የማያንስ ነው ማለት ይቻላል፤ ፒል ትራፋም ኑሮውን ሊማ ላይ አድርጎ በኦገስት 2021 በ62 ዓመቱ በዚያው ከተማ አርፏል። የቦነስ አይረስ ፖሊስን ሲሳደብ የኖረ ድምፅ በፓሲፊክ ዳርቻ ጸጥ አለ።


ሸክላ ሰብሳቢው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅና ላብቃ። «ሬፕሬሲዮን»ን ዛሬ ጠዋት እንደገና ስሰማው «ኪዮስኮ» የሚል ቃል የሰማሁ መሰለኝ። የእኛው ኪዮስክ ነው ወይስ ጆሮዬ አታለለኝ?


የደሴቷ ተማሪ፦

ጆሮዎ አላታለለዎትም፤ ያው ኪዮስክ ነው፣ ከረሜላና ሲጋራ የሚሸጥበት። ዘፈኑ ሲጀምር እንደ ቱሪስት መጽሔት ነው የሚናገረው፦ አገሩ ውብ ነው፣ ሰዉ ደግ ነው፣ ሕዝቡ እግር ኳስ፣ የተጠበሰ ሥጋና ወይን ጠጅ ይወዳል። በ1978 የዓለም ዋንጫን አዘጋጅተው ዋንጫውንም የወሰዱት ወታደሮቹ ለዓለም ሊያሳዩት የፈለጉት ሥዕል ይህንኑ ነበር። ከዚያ ድንገት ዜማው ይቆረጥና አፈናው የሚገኝባቸውን ቦታዎች መቁጠር ይጀምራል። ቤተ መንግሥቱን አይጠራም፣ ጦር ሠፈሩንም አይጠራም፤ ከቤትህ ማዞሪያ ላይ ይላል፣ ጥግ ያለው ኪዮስክ ይላል። ዳቦ ቤቱ ከኪዮስኩ ቀጥሎ ይመጣል።